የአምስተኛ ብሎክ ደጋግ ሙታን

ሰው ሲሞት እድሩ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ሠዓሊ ነው። ድንኳኑ በቀብሩ ቀን ይተከላል፤ ሠዓሊዋ የምትመጣው በማግሥቱ ነው። በርጩማዋን ይዛ ትገባና ከድንኳኑ ጥግ ትቀመጣለች። ሐዘንተኞቹም ከለቅሶው መሀል አንድ በአንድ እየተነሱ ከፊቷ ይቀመጡና ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይነግሯታል። በሠልስቱ ንድፉ ያልቃል። በአርባው ሟቹ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አምስተኛ ብሎክ በሚባሉት አሮጌ ኮንዶሚኒየሞች ይህን ሥራ የምትሠራው ሄመን ናት። ጎልማሳ ሴት ናት፤ ጣቶቿ በእርሳስ እንደጠቆሩ ነው፤ ብርድ ስለማትችል ክረምት ከበጋ ጋቢ ከትከሻዋ አይወርድም። ደረጃ ላይ የሚያገኛት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ትንሽ ደንገጥ ይላል፤ ከዚያ «ገና ነኝ እኮ ሄመን» ብሎ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ቀልዱ ከሰለቻት ግን ዓመታት አልፈዋል።

ቤት የተመለሰው ሟች በደንቡ መታሰቢያ ይባላል፤ ሰው የሚጠራው ግን በስሙ ነው። ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ሳሎንና መኝታ ቤት ይመላለሳል፣ ይጫወታል። አይበላም፤ ቢሆንም ሳህን ይቀርብለታል። እነዚህን ሙታን የሚያሰናዳው ማዕከል ፎቶግራፍም ሆነ ቪዲዮ አይቀበልም። ድሮ አንድ ትልቅ ክስ ነበር ይባላል፤ ዝርዝሩን የሚያስታውስ የለም። የሚቀበለው ከሰው እጅ የወጣ ሥዕል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሄመን መጀመሪያ ሰውየውን ታቆመዋለች፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ከዚያ ታስቀምጠዋለች፣ ታስነሳዋለች፣ በር ታስከፍተዋለች። ፊቱን ሲደሰትና ሲከፋ ትሥለዋለች። በመጨረሻ ሰፊ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋ በካሬ በካሬ ትከፍለውና መጪውን ዓመት ታቅድለታለች። እንቁጣጣሽ ላይ ምን ይላል? እንግዳ ሲመጣ ይነሳል ወይስ ተቀምጦ ይጨብጣል? መብራት ሲጠፋ ማንን ይጠራል? ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል ወይስ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል? በካሬዎቹ መሀል የሚቀረውን ቀን ማዕከሉ ራሱ ይሞላዋል።

ይህን ሙያ የተማረችው በወጣትነቷ፣ የልጆች የሥዕል ታሪክ የሚዘጋጅበት ቤት ስትሠራ ነው። እዚያ ያስተማሯት ሴትዮ፣ ሰው በወረቀት ላይ የሚቆመው ከሚመኘው ነገርና ሊተወው ከማይችለው አመሉ ነው ይሏት ነበር። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ በሥዕል ግን ሰውን መሀል የሚያስገባው አመሉ ነው። ሴትዮዋ ሌላም መፈተኛ ነበራቸው፤ የሣልሽውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ በጥቁር ቀለም ሙይው፣ ጥላውን ብቻ አይተሽ ማን መሆኑን ካወቅሽ ሰው ሠርተሻል ይላሉ።

በአምስተኛ ብሎክ ድንኳን ውስጥ ግን አመል አይነገርም። ጥንትም ቢሆን የሞተ ሰው አይወቀስም፤ እድሩ ደግሞ ነገሩን በደንብ አጠበቀው። ከቀብር በኋላ በሟች ላይ ክፉ የተናገረ አባል ይቀጣል። ከሄመን ፊት የሚቀመጥ ሐዘንተኛ አንዳንዴ «ሙት ወቃሽ አትበዪኝ እንጂ…» ብሎ ይጀምርና አፉን በነጠላው ሸፍኖ ዝም ይላል። ትንፋሹን ሰብስቦ ሲመለስ የሚናገረው ያው ነው። ደግ ነበሩ። ቂም አያውቁም። ለሰው ሟች ነበሩ። ሄመንም የተዘረጋ መዳፍ፣ የለሰለሰ ዓይን፣ በትንሹ ወደ ቀኝ ያዘነበለ አንገት ትሥላለች።

ዓመታት ሲያልፉ ብሎኩ በእነሱ ተሞላ። በዓል ደርሶ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው በየሳሎኑ የሚያገኘው ከሶፋው በትንሹ ብድግ የሚል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ «እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ» የሚል ሟች ነው። አንድ ጊዜ እትዬ ቢታኒያ የምትባል ጎረቤት ፎቁን ተሳስታ የሰው ቤት ገብታ፣ ከማታውቀው ሰውዬ አጠገብ ቁጭ ብላ የሥራ ቦታዋን ጣጣ ሁሉ ስታወራው ቆየች፤ አባቷ መስሏት ነው። የነቃችው መጋረጃውን አይታ ነው፤ የእነሱ ቤት መጋረጃ ሰማያዊ ነበር። ታሪኩን ለሰው የነገረችው ለማሳቅ ነው፤ የሳቀ ግን አልነበረም። የሰፈሩ ልጆች ሙታኑን ሁሉ በአንድ ስም «ደጉዬ» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ሄመን አንድ ቀን በሯን ዘግታ የሠራቻቸውን ሙታን ቅጂዎች አንድ በአንድ በጥቁር ሞላቻቸው። መሬት ላይ ዘርግታ ዞረቻቸው። ወንድና ሴት ከመለየት በቀር ማን ማን እንደሆነ አላወቀችም። ጠቅልላ አስቀመጠቻቸው፤ ሆድ ይፍጀው ብላም ሥራዋን ቀጠለች።

ጋሽ ያብስራ የሞቱት በጥር ነው። የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ወደ ቤታቸው የሚገባውን ሰው ሁሉ ትኬት ያልቆረጠ ይመስል ከላይ እስከ ታች ያዩት ነበር። ነገረኛ ናቸው። ከጥበቃው ጋር ስለ በሩ፣ ከጽዳቷ ጋር ስለ ደረጃው፣ ከሐኪማቸው ጋር ስለ ገዛ ሳንባቸው ይከራከራሉ። ሄመንንም አልማሯትም። የአንድ ጎረቤታቸውን መታሰቢያ ሊጠይቁ ሄደው፣ ሟቹ ተቀምጦ እየሰማ፣ «አፍንጫው እንዲህ አልነበረም፤ ሌባ አስመሰልሽው» ብለዋታል። ተናዳ ነበር። ቤቷ ሄዳ የድሮ ፎቶግራፍ ስታይ ግን ትክክል ነበሩ።

ድንኳናቸው ውስጥ የተነገራት ይህ አልነበረም። ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ በአምላክ መሬት መሬት እያዩ ወንድሜ ዝምተኛ ነበር አሏት። ጎረቤቶቹ ታጋሽነታቸውን መሰከሩ። ልጃቸው አስካለች ብዙ አልተናገረችም፤ ደግ አባት ነበር ብላ ተነሳች። ሚስታቸው እማማ ኤልዳና ደግሞ ደግፈዋቸው መጥተው ተቀመጡና፣ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም አሉ። ሄመን እርሳሷን አንስታ አየቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይሰብሩ አዩዋት። ሁለቱም የሚያውቁትን ያውቃሉ። ሄመን አንገቷን ደፍታ የተዘረጋውን መዳፍ ሣለች፤ በዚያች ሰዓት ያፈረችውን ያህል በሙያዋ አፍራ አታውቅም።

በአርባው ጋሽ ያብስራ ቤታቸው ገቡ። ከወር በኋላ እማማ ኤልዳና የሄመንን በር አንኳኩ።

የሄመን የሥራ ክፍል ምድር ቤት፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት ጎን ነው። እማማ ኤልዳና ገብተው ወንበር እስኪቀርብላቸው አልጠበቁም።

«ይህ ሰውዬ ማን ነው ልጄ?» አሉ።

ሄመን ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቷታል፤ ቢሆንም አይቀመጡም ወይ አለቻቸው። ተቀምጠው ነገሯት። መስኮቱን ልዝጋው ሲሉት «እንዳልሽ» ይላል። ልክፈተው ሲሉትም «እንዳልሽ» ይላል። ሆን ብለው ወጡን ጨው አበዙበትና ለእንግዳ አቀረቡ፤ ያብስራ ቢሆን ቤቱን ይገለብጠው ነበር፣ ይህኛው ሳይቀምስ የባለሙያ እጅ ነው ብሎ አመሰገናቸው። አሁን ሳሎን ሲገቡ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው የሚገቡት። ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ፊቱ አይቀመጡም። ልብስ የሚቀይሩት መታጠቢያ ቤት ቆልፈው ነው። በዚህ ዕድሜያቸው ከማያውቁት ወንድ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸውን ለማን ይናገሩታል?

«እሱም ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ማልቀስ አቃተኝ። ለማን ላልቅስ? ቀና ስል ቁጭ ብሎ ያየኛል። ‹አይዞሽ› ይለኛል። ባሌ ሞቶ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰስኩም።»

ደንቡ እርማት ይፈቅዳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሙት ዓመቱ በፊት። ከዚያ በኋላ ንድፉ ይታሸጋል፤ ሟቹም እንደሆነው ሆኖ ይቀራል። ለእርማት ሦስት የሥጋና የጋብቻ ዘመዶች በጠቅላላ ጉባኤ ቆመው የሟቹን ጉድለት በአፋቸው መናገር አለባቸው። እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ ይህን የጠየቀ ሰው የለም። ሄመን ይህን ስትነግራቸው እማማ ኤልዳና በጣታቸው ቆጠሩ። እኔ፣ አሉ። በአምላክ፣ አሉ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ፤ ከልጃቸው ከአስካለች በቀር ሌላ የቀረ ዘመድ የለም።

ሄመን አዲሱን ንድፍ ከወዲሁ ልትጀምረው ተስማማች። ያልተፈቀደ ሥራ ነው። ግን ስንት ዓመት ሙሉ እንጨት ስታለብስ የኖረች ሴት ሰው ሥሪ ስትባል እንዴት እምቢ ትላለች?

እማማ ኤልዳና ከሰዓት በኋላ እየመጡ ይቀመጣሉ፤ ሄመን ትጠይቃለች፣ ትሥላለች፣ ትሰርዛለች። ደግነታቸውን አትጠይቅም። ሲሸነፉ ምን ያደርጋሉ አለቻቸው። ውሃ ይጠማዋል አሉ እማማ ኤልዳና፤ ክርክር ሲጠፋበት ውሃ አምጡልኝ ይላል፣ ጠጥቶ ሲጨርስ ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል። ሄመን ብርጭቆውን የጨበጠ እጅ፣ ከብርጭቆው በላይ አሻግሮ የሚያይ ዓይን ሣለች። እማማ ኤልዳና ወረቀቱን አይተው፣ አይ፣ አሉ፤ በግራው ነው የሚጠጣው፣ ቀኝ እጁ ለነገር ነው፣ እንዲህ ጣቱን ቀስሮ ይጠብቃል። ሄመን አረመችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ የሚናገር መሰለ፤ እማማ ኤልዳና ተቆጡት።

ዓመቱንም በካሬ በካሬ አወጡት። መስኮቱን እሳቸው ይከፍታሉ፣ ሚስታቸው ይዘጋሉ፣ እሳቸው ይከፍታሉ፤ ይህ ብቻውን አንድ ረድፍ ሙሉ ወሰደ። በአንዱ ካሬ ውስጥ ጋሽ ያብስራ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሴት ጫማ ይወለውላሉ። ሄመን ይህ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ፣ ይቅርታ የምትል ቃል አልተፈጠረችበትም አሉ እማማ ኤልዳና፤ ጥፋቱን ያወቀ ቀን ጫማዬን አብርቶ በር ላይ ያስቀምጥልኛል። ብዙ ቀን ጫማዬ የሰው መልክ ያሳይ ነበር። ይህን ብለው ሳቁ።

ወደ መጨረሻው ረድፍ ሲደርሱ ሄመን፣ አስካለች ስትመጣስ ምን ያደርጋሉ አለቻቸው። እማማ ኤልዳና የነጠላቸውን ጥለት ሲያፍተለትሉ ቆዩ። አስካለች ያገባችው በየጣቢያው አውቶማቲክ በር የሚተክል መሐንዲስ ነው፤ የትኬት ተቆጣጣሪዎቹን ቤታቸው ያስገባው ያ በር ነው። ጋሽ ያብስራ ሽማግሌዎቹን ሁለቴ መለሷቸው። እንጀራዬን ከወሰደ ሰው ጋር ማዕድ አልቆርስም አሉ፤ አልቆረሱምም። ልጅቷ እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ተነስተው ይወጡ ነበር። ሄመን ካሬውን ሣለችው፤ እናትና ልጅ ተቀምጠው፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ሶፋው ባዶ።

አስካለች እናቷ ያሰቡትን ሰምታ ወደ ሄመን ክፍል የመጣችው ጉባኤው ሲቃረብ ነው። ብልህ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ስሟን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ያኔ የቅድመ አያቶችን ስም መልሶ ማውጣት ፋሽን ነበርና የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ እነ ወርቅነሽ፣ እነ ደምመላሽ ነበሩ። በሩን ከፍታ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች እንዳየች በደመ ነፍስ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበች፤ በእጇ የያዘችውንም ስልክ ከኋላዋ ደበቀች። ከዚያ ራሷን ታዝባ እጇን መለሰች።

«እሱ ነው» አለች።

ሄመን ወንበር አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም። ረድፉን ከላይ እስከ ታች እያየች ሄዳ ባዶው ሶፋ ዘንድ ቆመች። ከዚያ አሁን እሑድ እሑድ እናቷ ቤት ስትመጣ የሚሆነውን ነገረቻት። አባቷ ከሶፋው ብድግ ይላል። ባለቤትሽ ደህና ነው ወይ ይላታል። ኮርቼብሻለሁ ይላታል። መጀመሪያ የሰማች ቀን መኪናዋ ውስጥ ገብታ ማርሽ ማስገባት አቅቷት ነበር።

«ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፣ እትዬ ሄመን» አለች። «አንቺ እንደሣልሽው አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የምሄደው።»

 ከዚያ፣ በዚህኛው ላይ አንዲት ካሬ ጨምሪልኝ አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይወጣ ይቀመጥ፣ ባይናገርም ይቀመጥ። ሄመን ለሰው ሁሉ የጠየቀውን እየሣለች የኖረች ናት፤ ይህችን አንዲት ካሬ መጨመር ለእጇ ምንም አይከብደውም ነበር።

«ያልተቀመጠውን እንዴት ላስቀምጠው፣ አስኩዬ?» አለቻት።

አስካለች ራሷን ነቀነቀች። አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ጋቢዋን ከትከሻዋ ሲንሸራተት አይታ አስተካከለችላት። ከዚያ ወጥታ ሄደች። ሄመን ግድግዳው ፊት ቆማ ቀረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእናትየዋ እንዳይደርስ ፈራች፤ ከፍርሃቷ ግን የሚብሰው ሐዘኗ ነበር። ለአንደኛዋ ባል ስትመልስ ከሌላኛዋ አባት መንጠቋ ነው። አንድ ሟች ሁለት ሆኖ አይሣልም።

ጉባኤው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእድሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ዳኛው ጋሽ ኖላዊ ጥያቄውን አነበቡ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ለቅጣት የተጠራ ይመስል እግሩን ሰበሰበ። እማማ ኤልዳና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።

ነገረኛ ነበር አሉ። ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሐኪሙን ያርማል፣ ቄሱን ያርማል። ዘፈን ሲሰማ ግጥሙን ያርማል። ሌላ ሰው የከፈተውን መስኮት ካልዘጋ፣ የዘጋውን ካልከፈተ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ጊዜ ታምሜ ተኝቼ አተኛኘትሽ ትክክል አይደለም ብሎኛል።  ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለው። ጋሽ በአምላክ ተራቸው ሲደርስ ወንድማቸው ዳማ ሲሸነፉ ገበታውን በጉልበታቸው ገፍተው ነፋስ ነው እንደሚሉ ተናገሩ፤ ዝግ ቤት ውስጥ ነው ነፋሱ የሚነፍሰው አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ ኖላዊ ጠረጴዛ መምታት ነበረባቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ግን ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር።

አስካለች ተነሳች። ሳቁ ወዲያው ጸጥ አለ። እናቷን አልተመለከተችም፤ ሄመንን ግን አንድ ጊዜ አየቻት።

«አባቴ ደግ ሰው ነበር» አለች። «ሌላ የምለው የለኝም።»

ተቀመጠች። ጋሽ ኖላዊ ምስክሩ ስላልሞላ ጥያቄው ወድቋል፣ ሙት ዓመቱም ከሚቀጥለው ጉባኤ በፊት ስለሚውል ንድፉ እንዲታሸግ ተወስኗል አሉ። ሄመን እማማ ኤልዳና ልጃቸውን ይረግሟታል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን አልተቀመጡም ነበር። ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። አንዲት እናት ልጇ ከልጅነቷ ጀምሮ ምን ስትራብ እንደነበር ዘግይቶ ሲገባት የምትሆነውን ሆኑ።

«እሺ» አሉ ወደ ዳኛው ዞረው። «እንግዲያው ድንኳኑን ስጡኝ።»

ጋሽ ኖላዊ ለማን ነው አሏቸው።

«ለያብስራ። ባሌ ሞቶብኛል፤ አላለቀስኩትም። ያ ሰውዬ ከልጄ ጋር ይሂድ፤ የእሷ አባት እሱ ነው። የኔ ባል ግን እሱ አይደለም።»

ለአንድ ሟች ሁለት ጊዜ ድንኳን ተተክሎ አያውቅም። ጋሽ ኖላዊ ደንቡን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አዩት፤ የሚከለክል አንቀጽ አልተገኘም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው። መታሰቢያው ወደ አስካለች ቤት ተዛወረ። የተጣሉ ንድፎች በደንቡ ይቃጠላሉ፤ ሄመን ግን አዲሶቹን ከግድግዳው አውርዳ፣ በስውር ይውሰዷቸው ብላ ለእማማ ኤልዳና አቀረበችላቸው። አልወሰዱም። አየሁት፣ በቃኝ አሏት።

ድንኳኑ ረቡዕ ተተከለ። ሄመን ያለ በርጩማዋ ገብታ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች፤ እጇን የት እንደምታደርገው አላወቀችም። ሰዉ መጀመሪያ ሲገባ እያመነታ ነበር። ይህ ቀልድ ነው ወይስ ለቅሶ? ነፍስ ይማር ይላሉ። ከዚያ ጥግ ጥጉን ያያሉ፤ እርሳስ የያዘ ሰው የለም። የሚነገረውን የሚጽፍ፣ የሚሥል፣ ለማዕከሉ የሚልክ የለም። እንዲህ ሲሆን ጥበቃው ጋሽ ያብስራ የሰደቡትን ስድብ በሙሉ አስታወሰ። ጽዳቷ ደረጃውን አስደግመው ያስጠረጓትን ቀን፣ እንደገና ጠርጋ ስትጨርስም አሁን ደረጃ ሆነ ያሏትን አወራች። እማማ ኤልዳና ይስቃሉ፣ ያርማሉ፣ የጎደለውን ይጨምራሉ። አላለቀሱም። ሄመን በጎን እያየቻቸው፣ ሳያለቅሱ ድንኳኑ እንዳይፈርስ ሠጋች።

ከሰዓት በኋላ አስካለች መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ወሬው ቆመ። ቦታ ለቀቁላትና ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እማማ ኤልዳና ነጠላዋን እያስተካከሉላት፣ ለማን ትተሽው መጣሽ አሏት።

«ቤት ነው» አለች አስካለች። «ለቅሶ ልደርስ ነው አልኩት። የማን ብሎ አልጠየቀኝም። ‹እንዳትቸኩዪ ልጄ፤ ለሐዘንተኞቹም እግዜር ያጽናችሁ በይልኝ› አለኝ።»

 ጋሽ በአምላክ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ደግ ሰው ነው» አሉ እማማ ኤልዳና ቀስ ብለው።

አስካለች ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ግንባሯን እናቷ ጉልበት ላይ ደፋች፤ በጉባኤው ያልወጣው ከአፏ ወጣ።

«ሠርጌ ላይ አልመጣም» አለች።

«አዎ ልጄ» አሉ እማማ ኤልዳና። «አልመጣም።»

 ነጠላቸውን ከራሳቸው ጣሉ፣ ደረታቸውን ያዙ፣ ወይኔ ነገረኛው ባሌ ብለው የመጀመሪያውን ሙሾ አወጡ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። በሰው ለቅሶ የራስን ሟች ማንሳት ያለ ነው፤ የአምስተኛ ብሎክ ሰው ግን ሙታኑ ሁሉ ቤት ተቀምጠው ስለሚጠብቁት ይህን ከተወ ቆይቷል። እትዬ ቢታኒያ ሰካራሙ አባቴ አለች። አንዷ ምቀኛዋ እናቴ አለች፣ ሌላው ሰነፉ ወንድሜ አለ። ስም እየጠሩ፣ አመል እየጠሩ አለቀሱ። ሄመን በየቤቱ ያስቀመጠቻቸውን ሰዎች በእውነተኛ መልካቸው አንድ በአንድ እየሰማች አወቀቻቸው። ቅጣት መመዝገብ የነበረባቸው ጋሽ ኖላዊ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ነበር፤ ከሥሩ፣ ጨካኙ አባቴ፣ ጨካኙ አባቴ ሲሉ ይሰማ ነበር።